እናትን ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ማምጣት፦ 13 ሰዓት ወይስ 17?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ወገኖች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ ቪዛ አግኝታለች። ኢንተርኔት ላይ ሳይ በቦሌና በዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት መካከል 13 ሰዓት ነው ይላል፤ ትኬት ቆራጩ ግን 17 ሰዓት ገደማ አለኝ። የትኛውን ልመን? ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የምትመጣውም ብቻዋን ነው።

ከአሌክሳንድሪያ
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሁለቱም ልክ ነው። 13ቱ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ነው፣ 17ቱ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሲመጣ። ርቀቱማ ያው ነው፤ በቀጥታ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለውጡን የሚያመጣው የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ የሚያገኙትን ጉልበት እዚያ አያገኙም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ስለሚከብደው መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ወደዚህ ሲመጣ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ከኋላ ይገፋዋል። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳና ቦሌ ላይ ያርፋል።

የት እንደሚያርፍ ትኬት ቆራጩን ጠይቂው። ደብሊን (አየርላንድ) ከሆነ ከመንገዱ ብዙም አይወጣም። ሎሜ (ቶጎ) ከሆነ ግን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል፣ የሚወርድና የሚሳፈር ሰውም አለ። ከሁሉም በላይ ይህን ለእናትሽ አስረጂያቸው፦ መጀመሪያ የሚያርፍበት አሜሪካ አይደለም፣ አስተናጋጆቹ ውረዱ ካላሏቸው ከአውሮፕላኑ አይውረዱ። ቋንቋ ለማይችሉ አረጋዊት በማያውቁት አገር ግራ መጋባት ከባድ ድንጋጤ ነው።

መራመድ ቢችሉም ዊልቸር አስመዝግቢላቸው፤ ክፍያ የለውም። የሚገፋቸው ሰው ኢሚግሬሽኑንም ሻንጣውንም ያሻግራቸዋል። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው እግራቸውን ያፍታቱ፣ ውኃ ይጠጡ፤ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

ከሲያትል
ስለ ቀኑ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ትኬቱ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል። ረቡዕ 00:30 የሚል ትኬት ለአገር ቤት ሰው ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ ማታ ሸኚ ሰብስቦ ቦሌ የሄደ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ አሳልፎ ነበር። «ማክሰኞ እራት በልታችሁ ውጡ» ብለሽ ንገሪያቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። እዚህ የምትደርሰውስ መቼ ነው?

ከአሌክሳንድሪያ
በዚያው ምሳሌ ከሄድን ረቡዕ ጠዋት። አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር ኢትዮጵያ ስለማትቀይር ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ በቀሩት ወራት 8። አረፈ ከተባለ በኋላ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ስልካቸው ባይሠራም አትደንግጪ። ያንቺን ቁጥርና አድራሻ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፈው ከፓስፖርታቸው ጋር እንዲይዙላቸው ለቤተሰብ ዛሬውኑ ላኪ።