ለበዓል ብቻ የሚከፈት ቤት ግብር ይጨመርበት ወይስ ይተው? ክርክር ከወሎ

ሸረሪቱ፦ ሰላም ወሎዬዎች። ባለፈው ቡና ላይ ተነስቶ በረካው ሳይደርስ የተበተንንበትን ወሬ ልመልሰው። ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ለበዓል ብቻ የሚከፈት ቤት ላይ ከተማው ተጨማሪ ግብር ይጣልበት ወይስ ይተወው? እኔ ይጣልበት ባይ ነኝ። መጀመሪያ ግን ልናዘዝ። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው፣ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው። ሐይቅ ዳር ያለውን ቤት ፎቶ አንስቼ፣ የውሃውን ሰማያዊ ትንሽ አድምቄ፣ «ከበረንዳው ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል» ብዬ የምጽፈው እኔው ነኝ። ስለዚህ በገዛ እንጀራዬ ላይ ነው የምናገረው።

በቀደም ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ሦስት ፎቅ ነው። ቁልፉ ዝጎ አልዞር ስላለ ዘበኛው የምግብ ዘይት አምጥቶ አንጠባጠበበት። ሶፋው የተጠቀለለበት ላስቲክ ገና አልተነሳም። የመታጠቢያውን ቧንቧ ስከፍተው መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ተፋ። «ባለቤቱ መቼ ነው የመጡት?» ብለው «ለዓረፋ» አለኝ፤ «የትኛው ዓረፋ እንደሆነ ግን እንጃ» ብሎ ሳቀ። በዚያው ሰሞን እኔ ሁለት ክፍል ፍለጋ ሦስት ደላላ እግሬን ሲያቀጥነው ነበር።

ግንበኛው፦ አንተ ልጅ፣ የቧንቧውን ውሃ አየህና ሰውየውን ፈረድክበት። ያ ቤት ሲሠራ ስንት ሰው እንደበላበት ታውቃለህ? ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጺው፣ ብረት አሳሪው፣ ሲሚንቶ ተሸካሚው፣ ምሳ የምታቀርበው ሴትዮ። እኔ ልጆቼን ሁለት ዓመት ያስተማርኩት በአንድ የዲያስፖራ ቤት ነው። ግብር ጨምሩበትና ብሩን ይዞ አዲስ አበባ አፓርታማ ይገዛል። ያኔ የጦሳን ተራራ እያያችሁ ቁጭ በሉ።

መምህርቷ፦ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነው እንጀራው፣ ጋሼ። ካለቀ በኋላ ለሃያ ዓመት የሚበላበት ዘበኛው ብቻ ነው። እኔ ከሁለት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ። አከራዬ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን በየስድስት ወሩ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጤፍ ጨመረ» ይላሉ። ጤፍ ጨመረ ማለት ኪራይ ጨመረ ማለት ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለአራት ፎቅ ቤት አለ፣ ማታ ማታ አንድ አምፖል ብቻ በርታበት ትታያለች፣ የዘበኛው ናት። ልጄ አንድ ቀን «እማ፣ እዚያ ማን ነው የሚኖረው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ባለ ቢጫ ካርድ፦ እኔ ከምትወቅሷቸው አንዱ ነኝ፣ ስለዚህ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሌሊት እየነዳሁ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እየተሸከምኩ ነው ያቺን ቤት የሠራኋት። ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያ ቤት እንዲኖረው ሕግ ፈቅዷል፣ የሰረቅኩት ነገር የለም። በየዓመቱ ለግሸን እመጣለሁ፣ እናቴ ሳለች ቤቱ እንግዳ አያጣም ነበር። አሁን እሷ የለችም። ለማላውቀው ሰው አከራይቼ ግድግዳው ላይ ሚስማር ሲመታበት ማሰብ ይከብደኛል። ይሄ ስግብግብነት ነው ካላችሁ ይሁን።

ሸረሪቱ፦ ኧረ ማንም አልወቀሰዎትም አያ። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ አምሮበት ይኑሩበት። እኔ የምለው የተዘጋ ቤት ለከተማው የሚያስከፍለው ነገር አለ ነው። መንገዱ በደጁ ያልፋል፣ የውሃና የመብራት መስመር ተዘርግቶለታል፣ ያ ሁሉ የሚደክመው ለአንድ አምፖል ነው። ይሄ የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። ቫንኩቨር የምትባለው የካናዳ ከተማ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዶ ቤት ላይ ግብር ጥላለች። ባለቤቱ በየዓመቱ ቤቴ ሰው አለበት የለበትም ብሎ ያሳውቃል። ከራሱ መኖሪያነት ውጭ ከሆነና ቢያንስ ስድስት ወር ካልተከራየ ከግምቱ 1 በመቶ ይከፍል ነበር፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። ዌልስ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ ከመደበኛው የቤት ግብር በላይ እስከ 300 በመቶ ጭማሪ መጣል ይችላሉ። ስዊሶች የባሱ ናቸው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ በአንድ ቀበሌ ውስጥ የበዓል ቤት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ።

ግንበኛው፦ ቫንኩቨር ከየት ወዲያ ናት፣ ከኩታበር ወዲያ? እዚያ ቤቱ ሁሉ ቁጥር አለው፣ ግምቱ ተመዝግቧል። እዚህ ግን ቤቱ ዝግ ነው ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ግማሹን ቤት ዘመድ ነው ብሎ ያልፋል፣ ግማሹን ደግሞ ሻይ ካልጠጣንበት ይላል። የሚከፍለው ሰው የሌለው ምስኪን ብቻ ነው።

ሸረሪቱ፦ እሱ ላይ እንስማማለን፣ ለዚህ ነው ኮሚቴ ይቅር የምለው። ቆጣሪ አለ አይደል? የመብራት ፍጆታው ይታይ። አሥር ወር ሙሉ የአንድ አምፖል ያህል ከበላ ቤቱ ዝግ ነው፣ አለቀ። ማንም በር አያንኳኳም፣ ማንም ሻይ አይጠጣም። ዝርዝሩ ያለ ባለቤቶቹ ስም፣ በየሰፈሩ ስንት ዝግ ቤት እንዳለ ብቻ በይፋ ይውጣ። እኔ ገጹን በነፃ እሠራዋለሁ፣ ወላሂ።

ከሐረጎ ቁልቁል፦ ሃሃሃ! ወንድሜ ዘበኛ አታውቅም። ሰውየው ደውሎ «ቆጣሪው ይዙር» ካለው ምጣድ ሰክቶ ይውላል፣ ሰፈሩን ሁሉ እንጀራ ያስጋግርበታል። ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት እኔም የሌለሁ ሰው ልባል ነው?

መምህርቷ፦ እንጀራ ከተጋገረበትማ ቤቱ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው፣ እኔ አልከፋም 😄

ከሐረጎ ቁልቁል፦ ቁም ነገሩን ልበል። እኛ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲከፈት ከየገጠሩ ልጃገረድ ጎረፈ። ለእነሱ መኝታ ማን ሠራ? ማንም። የጓሮ ክፍል ነው በቆርቆሮ እየተከፈለ የተከራየው። በእኛ ግቢ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ይተኙ ነበር፣ ሁለቱ ማታ ፈረቃ ሁለቱ ቀን፣ ፍራሹ አይበርድም ነበር። ስለዚህ ዲያስፖራውን ብቻ አትያዙ። መሬት ሲሰጥ ለማን እንደተሰጠ ጠይቁ። የከተማ ፖለቲካ ማለት መሬት ነው፣ ሌላው ጌጥ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ከሐይቅ ነኝ፣ ታንኳ ነው ሥራዬ። እናንተ የደሴን ቤት ታወራላችሁ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብትመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ለእንግዳ የሚከፈት ቤት በዝቶ ባየሁ ደስታዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆሮሶ ዓሣ ይጠበሳል፣ ታንኳ ይቀዘፋል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ ባልየው ተሳልሞ እስኪመለስ ሚስትየውን ሐይቁ ላይ አዞራታለሁ፣ ሁለት ሒሳብ ነው። የሚያሳስበኝ አጥሩ ነው። ድሮ ከብት ውሃ የምናጠጣበት መውረጃ ዛሬ የግንብ አጥር ተሠርቶበታል፣ ዘወር ብለን ነው የምንወርደው። ግብሩን ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ መውረጃዬን መልሱልኝ።

የላስታ ልጅ፦ እንግዳ እንግዳ ስትሉ ደንገጥ አልኩ። እኛን ጠይቁን። ላሊበላ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ጀምሮ ከተማው እንግዳን አምኖ ነው የተሠራው። ሆቴል በሆቴል ሆነ። ከዚያ በ2012 ኮሮና መጣ፣ እሱ ሳይለቀን ጦርነት ተከተለ። እኔ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የሠራሁበት ሆቴል ውስጥ ሠላሳ ሁለት ቁልፍ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራውን በየጠዋቱ እጠርግ ነበር፣ አንዱም ሳይወርድ። ለገና ሲሆን ብቻ ሰው ጢም ይላል፣ በጥር መጨረሻ እንደገና ቁልፉን መቁጠር ነው። ስለዚህ ሸረሪቱ፣ ድረ ገጽህ ቢያምርም መንገድ ሰላም ካልሆነ ማን ይመጣል?

ሸረሪቱ፦ ልክ ብለሃል፣ ምንም የምጨምርበት የለኝም። ስለ ሥራው አንድ ነገር ልንገራችሁ ግን። ሰው ድረ ገጽ እንግዳ የሚያመጣ ይመስለዋል። አያመጣም፣ ያለውን እንግዳ ነው የሚቀበለው። እነ ቡኪንግ ዶት ኮም ከእያንዳንዱ አልጋ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ፣ እኔ የራሳችሁን ገጽ ሥሩ፣ ቀብዱን በቴሌብር ተቀበሉ እላለሁ። የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው። አንዱ ባለ ማረፊያ ገጹን አሠርቶኝ «ወንድሜ አይደለህ?» እያለ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ወንድምነታችን ግን ጠንክሯል።

ወደ ግብሩ ልመለስ። ጥር 2017 ላይ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል፣ ከተሞች ከቤትና ከመሬት የሚሰበስቡበት መንገድ አለ። እኔ የምፈራው እኩል መጫኑን ነው። ጡረተኛዋ እናት የምትኖርበት ቤትና ሶፋው ከላስቲክ ያልወጣው ቤት በአንድ ሚዛን ከተመዘኑ እሷ ላይ ነው የሚከብደው። ደግሞ በ2017 መጨረሻ የውጭ ዜጋም ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ ቤት እንዲገዛ ተፈቅዷል። ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ ነገ ሐይቅ ዳር ላለመምጣቱ ማን ዋስ ይሆናል? ባርሴሎና ዝም ብላ ቆይታ አሁን ለቱሪስት የሚከራዩ አሥር ሺህ አፓርታማዎችን ፈቃድ በ2028 እ.ኤ.አ. አላድስም ብላለች። ከረፈደ ነው የነቃችው።

ግንበኛው፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበልህ። ከተዘጋ ይክፈል፣ ካከራየ ግን ከነጭራሹ ይማርለት። ቅጣት ብቻ ካየ ሰው አይመጣም።

ባለ ቢጫ ካርድ፦ እሱ ያስኬዳል። እትዬ መምህርት፣ ስለ ልጅዎ ያሉት ነገር ሆዴን በላው። የእኔ ቤት ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ ነው። ለምን ገብተው አይኖሩበትም? ኪራዩን እንነጋገራለን፣ ጤፍ ጨመረ አልልም።

ሸረሪቱ፦ አያ፣ ይሄ ነገር አስደሰተኝ፣ ግን በ1320/2016 የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ቃል ከመግባትዎ በፊት ያስቡበት።

መምህርቷ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ግን እርስዎ የሚመጡት ለግሸን ነው፣ መስከረም። ትምህርት የሚከፈተውም መስከረም ነው። እነዚያን ሳምንታት እኔና ልጆቼ የት እንግባ?

ባለ ቢጫ ካርድ፦ ምድር ቤቱ አለ እኮ፣ ሁለት ክፍል ነው። እኔ ምድር ቤት እሆናለሁ፣ እናንተ አትነቃነቁም።

መምህርቷ፦ መታጠቢያው ለብቻ ነው?

ባለ ቢጫ ካርድ፦ ለብቻው ነው፣ ሴራሚክ ነው።

መምህርቷ፦ ውሃ በስንት ቀን ነው የሚመጣው?

ባለ ቢጫ ካርድ፦ ቆይ፣ ዘበኛውን ደውዬ ልጠይቅልዎ።