በጾም ውስጥ የሐኑካና የፈረንጅ ገና ድግስ፦ ጎረቤት ይገኝ ወይስ ይቅር?

የፔዳዋ ልጅ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ነገሩ ሐሜት ሳይሆን እዚሁ እንነጋገርበት ብዬ ነው።

እናቴ ሰርቪስ ቤታችንን ለውጭ አገር ባልና ሚስት አከራይታለች። ሁለቱም እዚሁ ባሕር ዳር ያስተምራሉ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እሷ አይሁዳዊት ናት። አገራቸው ሳሉ አንዱን በዓል እሱ ቤተሰብ ጋ፣ ሌላውን እሷ ቤተሰብ ጋ ያከብራሉ። እዚህ ግን ዘመድ የላቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ ቀኑ ገጠመ። የሐኑካ የመጀመሪያው ሻማ የሚበራው ረቡዕ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ማታ ነው። የፈረንጆቹ ገናም ያው ታኅሣሥ 16 ነው። እንዲህ ከገጠመ ከ1998 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ደግሰው ጎረቤቱን ሊጠሩ አሰቡ። መጥሪያውንም አሳትመው ለእናቴ ሰጧት። «የገናና የሐኑካ ድግስ» ይላል። ወንበር ከእድራችን እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።

እናቴ ወረቀቱን ይዛ ዝም አለች። ጾም ነው፣ ያውም ረቡዕ። ሁለት ጎረቤት «በእርስዎ ግቢ እንዲህ አይደረግም» አሏት።

ሐኑካን ለማታውቁት፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመት ገደማ አይሁድ በኢየሩሳሌም የረከሰውን ቤተ መቅደስ አጽድተው እንደገና ቀደሱት። የዚያ መታሰቢያ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ዘይት ስምንት ቀን ነደደ ይላሉ። ለዚህ ነው ስምንት ሌሊት መብራት የሚያበሩት፣ በዘይት የተጠበሰ ነገርም የሚበሉት።

እኔ ይደገስ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ በግልጽ ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። እኔ አይሆንም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ስሙኝ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብተናል፣ እስከ ታኅሣሥ 28 እንጾማለን። ነቢያት የጌታን መወለድ እንዴት እንደጠበቁ የምናስብበት ጾም ነው። ጾሙ ራሱ መጠበቅ ነው። ታዲያ መሃል ላይ «ገና» የሚል ወረቀት ለልጆቻችን ሲታደል፣ መጠበቁን ምን ብለን እናስተምራቸው?

ሁለተኛ፣ እምነት እንደ በያይነት አንድ ትሪ ላይ አይቀርብም። እሷ ክርስቶስን አትቀበልም፣ እኛ ደግሞ ልደቱን እናከብራለን። ይሄን አንድ ድግስ ማድረግ ለእሷም ክብር አይደለም።

ደግሞ አንዳንዱ «ሐኑካ የመቃብያን ታሪክ አይደለም እንዴ፣ እኛም መጽሐፉ አለን» ይላል። ልክ አይደለም። የሐኑካ ታሪክ ያለው በግሪኩ መቃብያን ነው፤ የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ታሪካቸው ከግሪኩ ይለያል። የማውቀውን እውነት ግን አልደብቅም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 22 ላይ ጌታ በመቅደስ መታደስ በዓል ኢየሩሳሌም ነበር። ያ በዓል ይሄው ሐኑካ ነው። ስለዚህ በዓሉን አልንቅም። የምቃወመው መደባለቁን ነው።

ሜሪላንድ 11 ዓመት፦
ወንድሜ፣ ያልከው ይገባኛል። አንተ ግን ገናን በሰው አገር አክብረህ አታውቅም።

እዚያ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው። ነጭ ልብሴን በፌስታል ይዤ ሥራ የገባሁበት ዓመት አለ። ከፈረቃ ወጥቼ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰዉ እየተበተነ ነበር። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ። በቀጣዩ ዓመት ሳልነግራት ቀኑን አስታውሳ ፈረቃዬን ያዘችልኝ። ሃይማኖቴን አልተቀበለችም። ቀኔን ነው ያወቀችልኝ።

እነዚህ ሰዎች የሚለምኑን ይሄንኑ ነው። ቀናችንን እወቁልን፣ ብቻችንን አታውሉን ነው የሚሉት።

ደምቢያ ያደገ፦
እኔ ሌላ ነገር ልናገር። ሰው ያልተናገረው ነገር አለ፣ እሱም ያስፈራኛል።

በጣና ሰሜን በኩል፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ፣ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የአገራችን አይሁድ፣ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። አያቴ ማሰሮዋንም ማረሻዋንም ከእነሱ ነበር የምትገዛው። ግን «ቡዳ ናቸው» እያለች ነው ያሳደገችን። በሠሩት ማሰሮ እየቀቀልን ፊታቸውን እንዳናይ እንከለከል ነበር። ግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲወሰድ፣ ያን ስም ይዘው ነው የሄዱት። አያቴን እወዳታለሁ። በዚህ ግን በድላለች።

ስለዚህ አንድ ሰው «አይሁድ ግቢ አልገባም» ሲል ጾሙ ነው ወይስ ያ የድሮው ነገር ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሰንበት ተማሪን አይደለም የምለው፣ እሱ ምክንያቱን በግልጽ ነግሮናል።

«ሐኑካ የራሳችን የቤተ እስራኤል በዓል ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። እዚህ ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር። የእነሱ ታላቅ በዓል ሲግድ ነበር። እንግዳዋን ለመቀበል የግድ የእኛ ማድረግ አያስፈልግም።

ሱቅ ያለኝ ጎረቤት፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በአጭሩ። ጾም መሆኑ ችግር ነው ትላላችሁ። ለእኔ መፍትሔው እሱ ነው። ሥጋ ከሌለ የማን እርድ ነው የሚባል ጥያቄ የለም። ሁላችንም አንድ ገበታ እንቀርባለን። እሷም የአይሁድ እርድ ካልሆነ ሥጋ አትበላም። የጾም ይሁን፣ እኔም ከነቤተሰቤ እመጣለሁ።

የፔዳዋ ልጅ፦
ጋሼ፣ ይሄን ነው ስፈልግ የነበረው!

ትናንት ማታ ከእሷ ጋር ማድ ቤት ገባን። ላትኬ የሚሉት ነገር አላቸው። ድንች ይፈቀፈቃል፣ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ውሃው በጨርቅ ይጨመቃል፣ በዘይት ይጠበሳል። እንቁላል ይገባዋል። እኔ እንቁላሉን ትቼ የሽንብራ ዱቄት አደረግኩ። የመጀመሪያው ምጣዱ ላይ ተበታተነ። ዱቄት ጨምሬ ሁለተኛውን ስገለብጠው ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ያዘ። እናቴ በዳጣ ቀመሰችው። ከዚያ ሳትናገር ሁለተኛ አነሳች።

በውስጡ ማርማላታ ያለው ጥብስ ሊጥም ይበላሉ። የእኛ ቦምቦሊኖ ነው። ያለ ወተትና ያለ እንቁላል እንሠራዋለን። በዓላቸው የዘይት ነው። የእኛም ጾም ከቅቤ ርቀን በዘይት የምንውልበት ነው። ሳንቸገር ተገናኘን።

ስለ በያይነቱ ግን ወንድሜ፣ በያይነት ላይ እኮ ምስሩ ምስር ነው፣ ጎመኑም ጎመን ነው። ማንም አልደባለቃቸውም።

ዓሣ ሻጭ፦
ሴትየዋን አውቃታለሁ። ደንበኛዬ ናት። አምባዛ አትገዛም። ቅርፊት የለውም ትላለች፣ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለው ነው። ሁልጊዜ ቆሮሶ ነው የምትወስደው። ሕጓን የምትጠብቅ ሰው የሌላውን ጾም ትንቃለች ብዬ አላምንም። ለረቡዕ ግን ዓሣም ይቅር። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ ከከፈትነው እስከ ጥምቀት አያልቅም።

ሰንበት ተማሪ፦
አነበብኩት። ሁለት ነገር ልጠይቅ።

አንድ፣ ወረቀቱ ይቀየር። ገና የሚለው ይውጣ። ሁለት፣ ለመቅረዙ ጧፍ ቆርጠን እንሰካለን ሲባል ሰምቻለሁ። ጧፍ እኛ ለቤተ ክርስቲያን የምንገዛው ነው። እባካችሁ ይሄ ይቅር።

የፔዳዋ ልጅ፦
ሁለቱም ልክ ነው። ጧፉን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። መቅረዙን እንጨት ሠሪ ዘንድ አሠርተውታል፣ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ስምንቱ ለስምንቱ ሌሊት፣ አንዱ ሌሎቹን መለኮሻ። በስምንቱ ሌሊት 44 ሻማ ይፈጃል። ከጋሼ ሱቅ ተራውን ሻማ እንገዛለን።

ወረቀቱንም ነገርኳቸው። እሷ ወዲያው ገባት፤ «እኛም አገር ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ አትጥሩብን የሚሉ ዘመዶች አሉኝ» አለች። አዲሱ ወረቀት «ጎረቤቶቻችን ሆይ፣ በዓላችንን አብራችሁን ዋሉ፤ ምግቡ የጾም ነው» ይላል። መጀመሪያ ሲመሽ እሷ በራሷ ጸሎት ሻማዋን ታበራለች። መቆም የፈለገ ይቆማል፣ ያልፈለገ ውጭ ይጠብቃል። ከዚያ እሱ የአገሩን የልደት መዝሙር ይዘምራል። ከዚያ ይበላል። በጊዜ እንበተናለን።

ሰንበት ተማሪ፦
እንዲህ ከሆነ ይደገስ፣ አልቃወምም። እኔ ግን አልገኝም፤ ይሄን በቅያሜ አትውሰዱብኝ። የእድሩን ወንበር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ራሴ አመጣለሁ።

ታኅሣሥ 29 ግን ባልና ሚስቱ እኔ ቤት ይምጡ። ሐኑካቸው ታኅሣሥ 24 አልቋል፣ የእኛም ጾም ተፈትቷል። ዶሮውን እንደማትበላ ገብቶኛል፣ ምን እንደማቀርብላት ንገሩኝ።

ዓሣ ሻጭ፦
ለዚያ ቀን ቆሮሶው በእኔ። ጠዋት ከሐይቁ እንደወጣ እልክልሃለሁ፣ ባለቤትህ በአዲስ ድስት ትሥራላት።