ናጋኦካ የየትኛው ዘመን ናት?
የጃፓንን ጥንታዊ ዘመናት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሳዘጋጅ አንድ ቦታ ላይ ስለ ተቸገርሁ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የናራ ዘመን በ710 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደ ጀመረ ግልጽ ነው፤ ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥት ካንሙ በ784 መናገሻቸውን ወደ ናጋኦካ ካዛወሩ በኋላ በ794 ደግሞ ዛሬ ኪዮቶ ወደምትባለው ሄይአን ስለ ተሻገሩ፣ በመካከል ያሉት 10 ዓመታት ለየትኛው ዘመን እንደሚቆጠሩ ግራ ገብቶኛል። ዘመኑ የሚሰየመው በመናገሻው ከሆነ ናጋኦካ ለምን የራሷ ዘመን አልተሰጣትም?

የሄይአን ዘመን ፍጻሜም ያከራክራል፤ አንዳንዶች ኃያሉ የታይራ የጦረኞች ወገን በተቀናቃኙ በሚናሞቶ ወገን በዳን ኖ ኡራ የባሕር ውጊያ የተደመሰሰበትን 1185ን፣ ሌሎች የድል አድራጊው ወገን መሪ ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ ሾገን (የጦር ገዥ) ተብለው የተሾሙበትን 1192ን ይይዛሉ። እኔ ሥልጣኑ ከማዕረጉ ቀድሟል ብዬ 1185ን መርጫለሁ። ስለ ናጋኦካ ግን የትኛውን ዓመት፣ በምንስ ምክንያት እንደምትመርጡ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።