ጥቆማ፦ አንድ ድረ ገጽ ውስጥ የገባን ሰነድ ለማግኘት የትኛው ፍለጋ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ብዙ ሺህ ገጽና ፒዲኤፍ ያለው ድረ ገጽ ነው። የመፈለጊያ ሣጥኑ ወይ ሁሉን ይዘረግፋል ወይ ባዶ ይመልሳል። ጎግል፣ ቢንግ፣ ዳክዳክጎ ወይስ የድረ ገጹ የራሱ «የላቀ ፍለጋ» ቅጽ?

ጥቆማ 1፦ ከጎግል ጀምሩ። «ሳይት» ብላችሁ ሁለት ነጥብ፣ አድራሻውን ሳትነጥሉ አስከትሉ፣ ከዚያ ክፍተትና የምትፈልጉት ቃል። ትእዛዞቹ የሚሠሩት በላቲን ፊደል ሲጻፉ ነው፤ እዚህ የምጠራቸው በድምፃቸው ነው። ነገሩ አልሠራም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ክፍተት ትቷል፣ ወይ ኪቦርዱን ሳይቀይር የግዕዙን «፡» ተጭኗል።

ውጤቱ ከበዛ አድራሻው ላይ የፎልደሩን ስም ጨምሩ። ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ እንደ «ሳይት» በሁለት ነጥብ፣ «ፋይልታይፕ»፣ ቃሉ ርእስ ላይ እንዲገኝ «ኢንታይትል»፣ ሐረጉ እንዳለ እንዲመጣ ደግሞ ድርብ ጥቅስ። የማትፈልጉት ቃል ፊት የመቀነስ ምልክት አስጠግታችሁ አድርጉ። «አፍተር» እና «ቢፎር» ቀን ይገድባሉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ቀኑን ግን በጣም አትመኑት፤ ጎግል የሚገምተው ስለሆነ የታደሰ የድሮ ገጽ አዲስ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ትእዛዝ መሸምደድ ለሚሰለቸው ጎግል ራሱ ሣጥን ሣጥኑን ብቻ የሚያስሞላ የላቀ ፍለጋ ገጽ አለው።

ጥቆማ 2፦ ቢንግም «ሳይት»ን ይቀበላል፤ ፎልደር ላይ ግን ከሁለት ደረጃ በላይ አይወርድም። ጥልቅ ፎልደር ካላችሁ እዚያ አትድከሙ። ዳክዳክጎ ውጤቱን በአብዛኛው ከቢንግ ስለሚያገኝ ሁለቱን አፈራርቆ መሞከር ብዙም አይጠቅም። ዳክዳክጎ ላይ የመቀነስ ምልክት ቃሉን ያሳንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስወግድም።

ጥቆማ 3፦ በጎግል ይጀመር መባሉ ሁልጊዜ አያስኬድም። ካታሎግ ወይም የመዝገብ ቋት ከሆነ፣ ገጹ የሚፈጠረው ቅጹ ሲሞላ ነው፤ ጎግል ደግሞ በአብዛኛው ቅጽ አይሞላም፣ መግቢያ ቃል የተጠየቀበትም አይገባም። እዚህ የድረ ገጹን ቅጽ የሚያህል የለም፤ ደራሲን ከርእስ፣ ርእስን ከዓመት ይለያል። ስሕተቱ ሣጥኑን ሁሉ መሙላት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ተጨማሪ ግዴታ ስለሆነ፣ አንዱ ከተሳሳተ ውጤቱ ዜሮ ነው። በሁለት ሣጥን ጀምሩ፣ ሲበዛ ሦስተኛውን ጨምሩ።

ጥቆማ 4፦ የአማርኛው ጣጣ ተረሳ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለተራ የመፈለጊያ ሣጥን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጎግል ላይ በትልልቅ ፊደል በተጻፈ «ኦር» አያይዟቸው። ቅጹ ይህን ካልፈቀደ አንድ በአንድ መሞከር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። «የ»፣ «በ»፣ «ለ» ሲጨመሩም ቃሉ ሌላ ይሆናል። ኮከብ ምልክት ብዙ ቅጾች ላይ የሚፈቀደው ከቃሉ መጨረሻ ስለሆነ «መንግሥት*» ብትሉ «መንግሥትና»ን ያመጣል፣ «የመንግሥት»ን አያመጣም። ጎግል ላይ ኮከቡ የሙሉ ቃል ምትክ ነው፤ ለቅጥያ አይሆንም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ፒዲኤፉ እንዳለ አውቃለሁ፤ በውስጡ ባለው ቃል ስፈልገው ግን አይመጣም።

ጥቆማ 4፦ ፋይሉን ከፍተው አንድ መስመር ይቅዱና ሌላ ቦታ ይለጥፉ። ምንም ካልተቀዳ ስካን የተደረገ ምስል ነው። የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ከወጣ፣ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን ከሚለዩበት የጋራ ኮድ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ለዓይን አማርኛ፣ ለማሽን ግን ትርጉም የለሽ። ሁለቱንም በውስጣቸው ባለ ቃል አብዛኛውን ጊዜ አያገኟቸውም። በፋይሉ ስም ይፈልጉ፤ አድራሻው ውስጥ ያለን ቃል የሚፈልገው የጎግል ትእዛዝ «ኢንዩአርኤል» ለዚህ ነው።

ጥቆማ 1፦ ገጹ ከድረ ገጹ ከተነሣ ደግሞ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን አለ። ጎግል ራሱ ያስቀመጠውን የገጽ ቅጂ ያሳይ የነበረውን «ካሽ» የሚለውን ትእዛዝ በፈረንጆቹ 2024 አስቀርቷል። ዌይባክ ላይ አድራሻውን ከጫፉ የ«/» ምልክትና ኮከብ ጨምራችሁ ስታስገቡ ከዚያ ድረ ገጽ የተቀመጡ አድራሻዎች ይዘረዘራሉ፤ በላዩ ባለው ማጣሪያ «ፒዲኤፍ» ብላችሁ አጣሩ። በሰነዱ ይዘት ግን አያጣራም።