አክቲቭ ፒክአፕ ያለው ጊታር ለመምረጥ እርዳታ እፈልጋለሁ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን በሰርግ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ያለኝ ባለ ሲንግል ኮይል ርካሽ ጊታር (ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ያለው) በየአዳራሹ ይጮህብኛል፤ ፊቴን ወደ አምፕሊፋየሩ ባዞርኩ ቁጥር ጩኸቱ ይብሳል። ገመድ ቀይሬ፣ የውስጡንም ክፍት ቦታ በፎይል ሸፍኜ ብሞክርም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ አክቲቭ ፒክአፕ (በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማጉያ በውስጡ ያለው) የተገጠመለት ያገለገለ ጊታር ስፈልግ ሁለት አገኘሁ፦ ዋጋው ቀለል ያለው ኢኤምጂ 81 እና 85 የተባሉ ፒክአፖች የተገጠሙለት ሲሆን፣ ውዱ ደግሞ በአንድ ፒክአፕ ከአንድ በላይ የድምፅ ቀለም የሚሰጠው ፊሽማን ፍሉዌንስ አለው። 81 በሄቪ ሜታል የታወቀ መሆኑ ያሳስበኛል፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ትዝታና ባቲ ነው፣ ያውም ያለ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሳላሻክር)።

ሁለቱን የሞከራችሁ፣ አንገት በኩል ያለው 85 ለንጹሕ ድምፅ ይበቃኛል ወይስ ገንዘብ ጨምሬ ፍሉዌንሱን ብገዛ ይሻላል?