ጥያቄ፦ በጋራ ካምፔይናችን የትኞቹን አዲስ የጨዋታ ሕግ መጻሕፍት እንፍቀድ? (ባሕር ዳር)

ታንኳ ቀዛፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነን። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ ካራክተር (ገጸ ባሕርይ) እየሠሩ በዳይስ የሚጫወቱትን የተረት ጨዋታ የምንጫወት ሁለት ቡድን አለን። አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካፌ ይቀመጣል። ሌላው እሑድ ፖሊ አካባቢ አንድ ልጅ ቤት ይሰበሰባል። የምንጫወትበት ዓለም ግን አንድ ነው። ጣናን የመሰለ ሐይቅ፣ ደሴት ላይ የተደበቁ ዕቃ ቤቶች፣ ሌሊት በታንኳ መሻገር፣ እንዲህ እንዲህ። ካራክተርም ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይሻገራል። ቅዳሜ ፈተና ያለበት ልጅ እሑድ ይመጣል። ዲኤሞቹ ሦስት ነን፣ ጨዋታውን በተራ እንመራለን።

እስካሁን የምንሄደው በ2014ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ፣ በዋናው የሕግ መጽሐፍ፣ ብቻ ነበር (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። አሁን ጥያቄው በዛ። አንዷ ታሻስ ኮልድረን የሚባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ትዋይላይት ክለሪክ (ጓደኞቹን የሚጠብቅ የካህን ዓይነት) መጫወት ትፈልጋለች። አንዱ ሲልቨሪ ባርብስ የሚባለውን ስፔል (አስማት) ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሌላው አክስቱ ከውጭ የ2024ቱን ሃንድቡክ አምጥታለት እሱን አቅፎ ነው የሚመጣው። አራተኛው ደግሞ ከኢንተርኔት ያወረደው፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፒዲኤፍ አለው።

እኔ «ሁሉም ይግባ» ባይ ነኝ። አንደኛው ዲኤም «ምንም አይግባ» ይላል። ሦስተኛዋ ዝም ብላ ማኪያቶዋን ትጠጣለች። ካራክተሮቹ አምስተኛ ሌቭል ደርሰዋል። ምን ትመክሩናላችሁ?

ሃያ ጎን

ወንድሜ፣ መጽሐፉን ከመክፈታችሁ በፊት ሦስታችሁ ተቀመጡ። አንድ ቡድን ብትሆኑ «ዲኤሙ ያለው ይሁን» ብዬ እገላገል ነበር። እናንተ ግን ካራክተር ታሻግራላችሁ። ቅዳሜ የተፈቀደ ነገር እሑድ ከተከለከለ ልጅቷ ምን ይዛ ትምጣ? ስለዚህ ለሁለቱም ቡድን ዝርዝሩ አንድ መሆን አለበት። አንድ ዲኤም በራሱ ቀን ብቻውን መፍቀድም መከልከልም አይችልም። ሦስት መሆናችሁ ጥሩ ነው፣ ሁለት ለአንድ ይወሰናል። ማኪያቶ የምትጠጣዋን ልጅ አናግሯት፣ ነገሩ ያለው በእሷ እጅ ነው።

«ሁሉም ይግባ» ማለትም «ምንም አይግባ» ማለትም ያው ማንበብ መጥላት ነው፣ አትቀየመኝ። መሃል መንገድ አለ። አድቬንቸረርስ ሊግ የሚባለው የአሳታሚው ኩባንያ የጋራ ጨዋታ ለዓመታት «ሃንድቡኩና አንድ ተጨማሪ» በሚል ሕግ ሲሄድ ነበር። ካራክተርህን ስትሠራ ከሃንድቡኩ ሌላ ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ትወስዳለህ። በኋላ ሕጉን አነሡት። ለእናንተ ዓይነት ቡድን ግን አሁንም የሚያዋጣ ይመስለኛል። ከየመጽሐፉ እየቆነጠሩ የሚሰፉትን ካራክተር በአብዛኛው ያስቀርላችኋል።

ሁሉንም ግን አያስቆምም። በ2017 የወጣው ዛናታርስ ጋይድ የሚባል ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ሄክስብሌድ የሚባል የዋርሎክ (በውል አስማት ያገኘ ሰው) ዓይነት አለ። ከእሱ አንድ ሌቭል ብቻ ወስዶ ሰይፉን በጉልበቱ ፈንታ በካሪዝማ (በግርማ ሞገሱ ነጥብ) የሚመታ ፓላዲን (ቅዱስ ባላባት) እዚያው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ያልቃል። ሕጉን አልጣሰም፣ አጠገቡ የተቀመጠው ፋይተር (ተራ ተዋጊ) ግን አንገቱን ይደፋል።

የሒሳብ መምህሩ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ስለ ትዋይላይቷ በግምት ከምንከራከር እናስላው።

ክለሪኳ ኃይሏን ስትከፍት በዙሪያዋ 30 ጫማ ድረስ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ድንግዝግዝ ያለ ብርሃን ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ሆኖ ተራውን የጨረሰ ሁሉ ጊዜያዊ ኤችፒ (ሲመታ የሚቀነስ የሕይወት ነጥብ) ያገኛል። መጠኑ አንድ ባለ 6 ዳይስ ሲደመር የክለሪኳ ሌቭል ነው። በአምስተኛ ሌቭል አማካዩ 8.5 ይሆናል።

አሁን ኪዩር ዉንድስ ከሚባለው የ2014ቱ የማከሚያ ስፔል ጋር አስተያዩት። አንድ ባለ 8 ዳይስ፣ ዊዝደሟ (የጥበብ ነጥቧ) 18 ከሆነ ሲደመር 4። አማካዩ ያው 8.5 ነው። ነገር ግን ኪዩር ዉንድስ አንድ ሰው ብቻ ያክማል፣ ስሎት (የተቆጠረ የአስማት ዕድል) ይበላል፣ የአንድ ተራ አክሽንም (ዋናውን ድርጊት) ይወስዳል። ትዋይላይቷ አንድ ጊዜ ከከፈተችው ለአምስት ሰው ይዳረሳል፣ በየዙሩ እየታደሰ አንድ ደቂቃ ወይም 10 ዙር ይቆያል። አምስት ሰው በ8.5 ሲባዛ በዙር እስከ 42.5 ይመጣል።

«እስከ» ያልኩት በምክንያት ነው። ጊዜያዊ ኤችፒ በላይ በላዩ አይደመርም። ያልተመታ ሰው ትርፍ የለውም። ጠላት አንዱን ብቻ ለይቶ ከደበደበ የሌሎቹ ድርሻ ሜዳ ላይ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ሌላ ክለሪክ አጠገቧ ቢቀመጥ ምን ሊሠራ እንደመጣ ግራ ይገባዋል።

ታንኳ ቀዛፊ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔን የጨነቀኝ እንኳ ኤችፒው አይደለም፣ ጨለማው ነው። ይቺ ክለሪክ በጨለማ 300 ጫማ ታያለች። 90 ሜትር ማለት ነው። ደግሞ 10 ጫማ ውስጥ ላሉ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ታካፍላለች፣ የዊዝደም ቦነሷን ያህል ሰው። የእኛ ጨዋታ ግማሹ ሌሊት በታንኳ መሻገር ነው። ታንኳ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጉልበት ለጉልበት ነው የሚኬደው። ሁሉም 10 ጫማ ውስጥ ነው። አራት ሰው ጨለማው እንደ ድንግዝግዝ ሆኖለት ያያል ማለት ነው። ጉማሬው ከየት እንደሚወጣ፣ ወንበዴው የትኛው ደንገል ሥር እንዳደፈጠ ቀድሞ ካወቀ ምን ቀረኝ?

ዘጌ ቡና

እኔ ይቺን ክለሪክ ተጫውቻታለሁ፣ እስቲ ስለ ልጅቷ ልናገር። ጋሼ፣ ሒሳቡ ላይ አልከራከርዎትም። ብቻ ልጅቷ የመረጠችው 42.5 ስላለ ላይሆን ይችላል። እኔ የመረጥኳት ሌሊት ጠባቂ መሆኗን ወድጄ ነው። መጀመሪያ ጠይቋት። የምትፈልገው ታሪኩን ከሆነ ቁጥሩን ብትቀንሱባት ቅር አይላትም።

እኛ እንዲህ አደረግን፦ በዳይሱ ላይ የሚደመረው ሌቭሏ መሆኑ ቀርቶ በዝግታ የሚያድገው ፕሮፊሸንሲ ቦነሷ ሆነ። በአምስተኛ ሌቭል 3 ነው፣ አማካዩ 6.5 ይሆናል። ዋናው ጥቅሙ ግን ወደፊት ነው፣ ሌቭል በወጣች ቁጥር አብሮ አይሮጥም። እይታውን ደግሞ 60 ጫማ አደረግነው። 60 ጫማ ለታንኳው ይበቃል፣ ወንበዴህም ትንሽ ይተነፍሳል።

ቀዛፊ፣ አንተም እስቲ ጉም አስገባ። ጠዋት ጣና ላይ ጉም ሲወርድ አይተህ አታውቅም? በጨለማ ማየት ጉምን አይበሳም፣ ሕጉም እንደዚያው ነው።

የፖሊው ልጅ

እኔ ሲልቨሪ ባርብስ ላይ ልምጣ። ይሄን ነገር እንዳታስገቡት፣ በናታችሁ። በ2021 ስትሪክስሄቨን የሚባለው መጽሐፍ ላይ የወጣ የአንደኛ ሌቭል ስፔል ነው። 60 ጫማ ውስጥ ያለ ፍጡር ሲሳካለት በሪአክሽን (በሌላ ሰው ተራ በምትሰጠው ፈጣን ምላሽ) እንደገና ዳይስ ታስጥለዋለህ፣ ዝቅተኛው ይያዛል። በዚያ ላይ ለጓደኛህ አድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን መያዝ) ትሰጣለህ።

ኃይሉን ተዉት። እኔን ያቃጠለኝ ጠረጴዛው ላይ የሚፈጠረው ነገር ነው። ዲኤሙ «መታህ» ባለ ቁጥር አንድ ሰው «ቆይ ቆይ!» ይላል። ዲኤሙ እንደገና ይጥላል። ከዚያ አድቫንቴጁ ለማን ይሁን የሚል ስብሰባ ይጀመራል። ሁለት ዊዛርድና አንድ ባርድ ሲይዙት ደግሞ አስቡት። ካፌው ሳንጨርስ ይዘጋብን ነበር።

ግን አዲስ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚያጓትተው እንዳትሉ። በ2014ቱ ሃንድቡክ ኮንጁር አኒማልስ የሚባለው ስፔል ስምንት ተኩላ ይጠራል። ተኩላ የሚመታው ጠላት አጠገብ ወዳጅ ካለው አድቫንቴጅ አለው፣ ስለዚህ ለአንድ ተራ 16 ዳይስ ትጥላለህ። ሌላው ልጅ ስልኩን ያወጣል። በ2024ቱ ስፔሉን ቀየሩት። አሁን አንድ የሚንቀሳቀስ የእንስሳት መንጋ ነው፣ ጠላት ሴቪንግ ስሮው (የማምለጫ ዳይስ) ይጥላል፣ አለቀ። እና እኔ አንድ ነገር ለመፍቀድ የማየው ተራውን ምን ያህል ያረዝማል የሚለውን ነው። አምስት ሰው ሦስት ሰዓት ይዞ ሲቀመጥ ጊዜው ነው የሚያንሰው።

(የጎን ወሬ፦ ካፌ ውስጥ «ሰይጣኑን ጠራሁት!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ከልክሉ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉ እናት ሲያማትቡ አይቻለሁ።)

ማታ ማታ

የ2024ቱን ሃንድቡክ ማንም በቅጡ አልመለሰም፣ ከባዱ እሱ ነው። ታሻስ ወይም ዛናታርስ ተጨማሪ ናቸው። የ2024ቱ ግን መሠረቱን ራሱ ነው የሚቀይረው። ኩባንያው የድሮውንና የአዲሱን አብራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ ይላል፣ እውነትም ይቻላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ግማሹ በአሮጌ ግማሹ በአዲስ ሲቀመጥ ግን ቅሬታ ይመጣል። ያው ኪዩር ዉንድስ በአዲሱ ሁለት ባለ 8 ዳይስ ነው። ባለ አክስቱ ልጅ በአንድ ስሎት ከጓደኛው በላይ ያክማል። ፋይተሩ ዌፐን ማስተሪ የሚባል ተጨማሪ የመሣሪያ ብልሃት ያገኛል፣ የአሮጌው ፋይተር ቆሞ ያያል። ሁለቱም ያው ፋይተር ነን እያሉ።

ስለዚህ ምክሬ፦ የ2024ቱ ከገባ ለሁሉም፣ በአንድ ቀን፣ በሁለቱም ቡድን ይግባ። ካልሆነ ልጁ ይታገሥ። መሸጋገሪያው ደግሞ በታሪኩ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሲዘጋ ይሁን እንጂ ዋሻ ውስጥ ውጊያ መሃል አይሁን።

ስትሻገሩ የሚያምታቱት ሦስት ቦታዎች ናቸው። በአዲሱ ሰብክላስ፣ ማለትም እንደ ትዋይላይት ያለው የክላስ (የካራክተር ሙያ) ቅርንጫፍ፣ ለሁሉም በሦስተኛ ሌቭል ይጀምራል። የድሮ ክለሪክ ግን ከአንደኛ ነበር። ትዋይላይቷን ወደ አዲሱ ካመጣችኋት የመጀመሪያዎቹን ኃይሎች በሦስተኛ ታገኛለች። አምስተኛ ላይ ስለሆናችሁ እናንተን አይነካም፣ አዲስ የሚጀምር ልጅ ሲመጣ ነው የሚያጨቃጭቀው። ሁለተኛ፣ የአቢሊቲ (እንደ ዊዝደም ያሉ ነጥቦች) ጭማሪው በአዲሱ ከዘር ወጥቶ ወደ ባክግራውንድ (የካራክተሩ የቀድሞ ሕይወት) ሄዷል። ካልተጠነቀቃችሁ አንዱ ከሁለቱም ይወስዳል፣ ለዚያውም እየሳቀ። ሦስተኛ፣ አንድ ስፔል በሁለቱም ካለ አዲሱ ነው የሚያዘው።

መጽሐፍ የለንም ብላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። መሠረታዊ ሕጉ፣ ኤስአርዲ የሚሉት፣ በነፃ ይወርዳል። የአሮጌው በ2023፣ የአዲሱ በ2025 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ወጥተዋል። ለእያንዳንዱ ክላስ ያለው አንድ ሰብክላስ ብቻ ነው፣ ለመጀመር ግን ይበቃል። ኔትወርክ ባለ ቀን አውርዱና በየስልካችሁ አስቀምጡት።

ሃያ ጎን

ስለ ፒዲኤፉ ማንም ምንም አላለም። ልክ ናችሁ። አይገባም፣ ቀጥሉ።

የሒሳብ መምህሩ

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ነገር የሚጠይቅ ልጅ ሕጉን ከደብተር ቀዶ በአንድ ገጽ በእጁ ይጻፈው። ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን እንደሚያስከፍል። ሦስቱም ዲኤሞች ይፈርሙበትና ፎቶው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይቀመጥ። ወረቀቱ ከካራክተሩ ጋር ይሻገራል። መብራት ሲጠፋ ስልክ ፍለጋ የለም። በአንድ ገጽ መጻፍ ያልቻለውን ነገር ደግሞ ራሱም አልገባውም ማለት ነው። የተፈረመበትም ቢሆን እስከሚቀጥለው ሌቭል ለሙከራ ይሁን። ከተነሣበት ልጁ ካራክተሩን ያለ ቅጣት እንደገና ይሥራ።

ታንኳ ቀዛፊ (ጠያቂ)

ትናንት ተቀመጥን። ማኪያቶ ጠጪዋ ለካ ታሻስንም ዛናታርስንም አንብባ ጨርሳ እኛን ነበር የምትጠብቀው።

ሃንድቡኩና አንድ ተጨማሪ ብለናል፣ ተጨማሪው ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ። ሄክስብሌድን ከሌላ ክላስ ጋር መቀላቀል አንፈቅድም፣ ሙሉ ዋርሎክ የሚጫወት ግን ይችላል። ትዋይላይቷ በዘጌ ቡና ልክ ትገባለች። ልጅቷን ስንጠይቃት «ታንኳው ላይ ፋኖስ የምትይዘዋ እኔ ልሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አለች። የ2024ቱ የደሴቶቹ ምዕራፍ ሲያልቅ ለሁሉም ይገባል። ባለ አክስቱ ልጅ እስከዚያ መጽሐፉን ለዲኤሞች በተራ ያውሳል፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ። ወረቀቱንም ጀምረናል።

ሲልቨሪ ባርብስ ቀርቷል። ልጁ አኩርፏል። «እኔ እኮ ዊዛርድ ሆኜ በሌላ ሰው ተራ ምንም ሳላደርግ መቀመጥ ነው የሰለቸኝ» ይላል። ምን ልስጠው?

የፖሊው ልጅ

ሺልድ ስፔል ወስዷል? ሃንድቡኩ ውስጥ ያለ ነው፣ ሪአክሽን ነው፣ ኤሲውን (ጠላት ለመምታት የሚያስፈልገውን ቁጥር) በ5 ከፍ ያደርግለታል። ዲኤሙ «መታህ» ሲል እሱ «አልመታኸኝም» ይላል፣ ዳይስም እንደገና አይጣልም። ሦስተኛ ሌቭል ስፔል ላይ ስለደረሰ የጠላትን አስማት የሚያከሽፈውን ካውንተርስፔልም ይችላል።

ታንኳ ቀዛፊ (ጠያቂ)

ሺልድን ለካ ጽፎት ኖሮ አንድ ቀን አልተጠቀመበትም። ቅዳሜ እነግረዋለሁ።