ቆጭቆጫና አዋዜ ለሳምንት አዘጋጅቶ ማቆየትና ለዕለት ምግብ መጠቀም

የጓዳ ጀማሪ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራ የምገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ስለሆነ በአዘቦት ቀን ሽንኩርት ከማቁላላት ጀምሬ ወጥ ለመሥራት ጊዜ አይበቃኝም። ስለዚህ እሑድ እሑድ አንድ ሁለት ዓይነት ማባያ በብዛት አዘጋጅቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሽሮውንም እንቁላሉንም ፓስታውንም በእርሱ ለማጣፈጥ አሰብሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለቆጭቆጫ ብዬ አንድ ኪሎ ቃሪያ፣ ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ በጁስ መፍጫ ፈጭቼ፣ ጨው ጣል አድርጌበት፣ በትልቅ የማር ጠርሙስ እስከ አፉ ሞላሁት። አየር እንዳይገባው ዘይት ይደረግበታል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ከላዩ አንድ ጣት የሚያህል ዘይት አፈሰስሁበት። ሰኞና ማክሰኞ ግሩም ነበር። ረቡዕ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ። ዓርብ ማታ ክዳኑን ስፈታው «ፕስስ» አለና አረንጓዴ አረፋ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ቀለሙም የደረቀ ጌሾ መስሏል። ሽታው መጥፎ ነው ለማለት ባልደፍርም ጨክኜ ሙሉውን ደፋሁት። አንድ ኪሎ ቃሪያ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ለምታውቁ ኀዘኔን አልተርክም።

ለመሆኑ በእርግጥ ተበላሽቶ ነበር? በሚቀጥለውስ ምን ላድርግ? ደግሞም ሽሮ ውስጥ ከጅምሩ ስጨምረው መዓዛው ጠፍቶ ምሬት ብቻ የቀረው ለምን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ባለ ሙቀጫ፦

እኅቴ፣ መድፋትዎ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን እርስዎ የጠረጠሩት አይመስለኝም። አረፋው ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም። ቃሪያ ተፈጭቶ ጨው ሲያገኝ፣ ሊጥ እንደሚቦካ ሁሉ፣ በልጣጩ ላይ የነበሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን እየበሉ አሲድና ጋዝ ያወጣሉ፤ ጠርሙሱ እስከ አፉ ስለተሞላና መብራት ጠፍቶ ስለሞቀ ጋዙ መሄጃ አጣ። ቀለሙ የጠወለገውም በዚያው አሲድ ምክንያት ነው። አረንጓዴ ነገር ኮምጣጣ ሲነካው ወደ ወይራ ቀለም ይሄዳል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ሲያድር ምን እንደሚመስል ያስታውሱ።

እኔን ያስፈራኝ ዘይቱ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከአፈር የሚወጡ ስለሆኑ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ለሞት ሊያደርስ የሚችል የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን መርዝ የሚያመነጨውን ባክቴሪያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ይህ ባክቴሪያ አየር ባለበት አይራባም፤ አሲድ በበዛበትም አይራባም። በዘይት ተሸፍኖ አየር ያጣ፣ ሎሚ ያልነካው፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ የጠፋበት ነጭ ሽንኩርት ግን ምቹ ማደሪያው ነው፤ መርዙ ደግሞ ሽታውንም ጣዕሙንም ላይለውጥ ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። ሲዲሲ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠላ ቅጠል የተነከረበት ዘይት በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥና ከ4 ቀን በኋላ የተረፈው እንዲደፋ የሚመክረው ለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ዘይት ማቆያ ነው እያልን ያደግን ስለሆነ ነገሩ ሲነገረን ቅር ይለናል፤ እኔም ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ ቃሪያውን በግማሽ ኪሎ ይጀምሩ። ለግማሽ ኪሎ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም 12 ግራም ያህል፣ እንዲሁም የሦስት ሎሚ ጭማቂ ይበቃዋል። ቀለሙ መጥወልጉ አይቀርም፤ በእኔ ቤት ለሳምንት በሚቆይ ነገር ቀለም የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን አብረው አይፍጩት፤ ማታ ማታ የሚበቃዎትን አንድ ሁለት ፍንካች ወቅጠው ይጨምሩበት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከአንድ ትልቅ ጠርሙስ ሦስት ትንንሽ ይሻላል፤ ማንኪያ በየቀኑ የሚገባበት አንዱ ብቻ ይሆናልና። ከአፉ ሁለት ጣት ይጉደል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥም በር ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ቅዝቃዜው ወደሚበረታበት ይቀመጥ። ሎሚው ያግዛል እንጂ ማቀዝቀዣውን አይተካም፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ከጠፋ እንደ ባለፈው ይድፉት።

ስለ ሽሮው የጠየቁት ቀላል ነው። የበሶብላና የቃሪያ መዓዛ በእንፋሎት የሚሄድ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ሲንተከተክ ቤቱን ያሸትተዋል እንጂ ድስቱ ውስጥ አይቀርም። ሽሮው ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ ጣል አድርገው፣ ከድነው፣ ሁለት ደቂቃ ያሳርፉት። የማቃጠሉ ኃይል ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ በውሃ ሳይሆን በዘይት የሚሟሟ ስለሆነ ምግቡ ሁሉ እኩል እንዲያቃጥል ከፈለጉ ከማባያው ጥቂቱን መጀመሪያ ዘይቱ ላይ ያማስሉት፣ የቀረውን መጨረሻ ላይ ይጨምሩት።

የሶዶ ልጅ፦

ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የጁስ መፍጫውን ነገር ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ጁስ መፍጫ ውሃ ካላገኘ አይዞርም፤ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጨውና ሎሚው ይቀጥናል፣ ማባያውም እንደ ሾርባ ይሆናል። በእኛ ቤት ወላይታ ሶዶ ዳጣ፣ ማለትም የእኛ ቆጭቆጫ፣ የሚፈጨው በድንጋይ ነበር፤ እናቴ ቃሪያውን አስቀድማ ለግማሽ ቀን ሰፌድ ላይ አስጥታ ታጠወልገዋለች፣ ከዚያ ከዝንጅብሉ፣ ከጤና አዳሙና ከኮረሪማው ጋር በመጁ ትደፈጥጠዋለች። የሚወጣው ነገር የቃሪያው ቁራሽና ፍሬ የሚታይበት፣ በእንጀራ ሲጠቀስ የማይንጠባጠብ ነው።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ወፍጮ ድንጋይ ይዞ መውጣት እንደማይቻል አውቃለሁ። መላው ይህ ነው፤ ቃሪያውን በቢላዋ አድቅቀው ከትፈው ጨውን አስቀድመው ይነስንሱበትና ሃያ ደቂቃ ያቆዩት። የራሱን ውሃ ያወጣል፤ በዚያ ውሃ ብቻ መፍጫውን አንዴ እያስነሡ፣ አንዴ እያቆሙ ይፍጩት። እስኪልም ድረስ አይጠብቁ። እጅዎ ሲቃጠል ደግሞ በቀጥታ ሳሙና አይሆንም፤ መጀመሪያ በዘይት አሽተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ። ይህን ያልሰማ የአጎቴ ልጅ ዐይኑን አሽቶ እስከ ማታ ሲያለቅስ ውሏል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ዳጣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጥሬ ሥጋ ነው። በእኛ በወላይታ ግን ከቅቅል ጎደሬና ቦዬ ከሚባለው ሥራ ሥር ጋር የሚበላውም ያንኑ ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ጎደሬ ካላገኙ ድንቹን ከነልጣጩ ይቀቅሉት። ትኩስ እንዳለ ልጣጩን ገፈው በመዳፍዎ ፍርክስ ያድርጉት እንጂ በቢላዋ አይቁረጡት፤ የተፈረከሰው ድንች ዳጣውን ይጠጣዋል፣ በቢላዋ የተቆረጠው ግን ላዩ ላይ ያንሸራትተዋል። አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት ማንኪያ ዳጣ፣ ትንሽ ጨው ጨምረው ይደባልቁት፤ እራት ማለት ይኸው ነው። ጾም ካልሆነ አይብ ላዩ ላይ ይበተንበታል፤ ዳጣውን ከአይቡ ጋር አስቀድሞ ለውሶ ማሳደር ግን አልመክርም፣ አይቡ ውሃ ያወጣል።

እማማ ጓዳ፦

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ቃሪያ ብቻ ነገሩሽ። ለሥራ ሰው የሚሆነው አዋዜ ነው፤ ምክንያቱም በርበሬው ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አስቀድሞ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ስለሚመጣ እርጥብ ነገር መጨመር አያስፈልገውም። ሁለት ሲኒ በርበሬ ወስደሽ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በለዘበ እሳት አሙቂና ድስቱን ከምድጃው አውርደሽ በርበሬውን ጨምሪበት። እሳት ላይ እንዳለ ከጨመርሽው ያርራል፤ ያረረ በርበሬ ደግሞ ስኳር ቢጨምሩበትም አይመለስም። ከዚያ የፈላ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያደረግሽ እንደ ገንፎ እስኪወፍር አማስዪና መልሰሽ እሳት ላይ አምስት ደቂቃ ያህል አቆዪው፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱን ይተዋል። ሲቀዘቅዝ ኮረሪማና ጨው፣ ከወደድሽም ግማሽ ሲኒ ጠጅ ጨምሪበት። አዋዜ አይበስልም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለዕለቱ ለሚቀርብ ጥብስ ልክ ናቸው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ለሚሰነብት ግን የበሰለውን እመርጣለሁ።

ጥብስ ላይ ሥጋው ከበሰለ በኋላ አንድ ማንኪያ ይበቃዋል። እኔ ግን ብዙ የምጠቀምበት ለምስር ነው፤ ሽንኩርቱን በጥቂት ዘይት አለስልሼ፣ ሁለት ማንኪያ አዋዜ አግብቼ፣ አስቀድሞ የተቀቀለ ምስር ክክ እለቅበታለሁ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ፓስታውም ቢሆን ከቲማቲሙ ጋር አንድ ማንኪያ ሲገባበት የልጆች ቅሬታ ይቀንሳል። በእኔ ቤት የቀነሰው እንግዲህ በልጅ ልጆች ነው።

ለጾም ሰናፍጭም አትርሺ። ሰናፍጭ ግን ሙቅ ውሃ አይወድም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ የሚነሣው፤ በፈላ ውሃ ብትበጠብጪው መራራ ጭቃ ብቻ ታገኛለሽ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ አሥር ደቂቃ ተዪው፤ ሎሚውንና ጨውን ከዚያ በኋላ ጨምሪ፣ ቀድመሽ ካደረግሽው ኃይሉን ያስረዋል። ድፍን ምስር ቀቅለሽ፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ፣ በዚህ ብትለውሺው አዚፋ ነው፤ ቀዝቅዞ የሚበላ ስለሆነ ምሳ ቋጥረሽ ቢሮ መውሰድ ትችያለሽ።

እንዲቦካ ተፈልጎ የሚቦካ ማባያም አለን፤ ስልጆ ነው። ባቄላው ተከክቶ ተፈጭቶ፣ በሱፍ ውሃ እንደ ገንፎ በደንብ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ተከድኖ ይኮመጥጣል። እናቶቻችን ዐቢይ ጾምን ያለዚህ አያልፉትም ነበር። ሱፉን አጥቦ፣ ወቅጦ፣ በወንፊት አጥልሎ መጨረስ ግን የቅዳሜ ሥራ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም።

የሜሪላንድ ነዋሪ፦

በአጭሩ ከባሕር ማዶ ልጨምር። እኔ ነጭ ሽንኩርቱን ለይቼ የማስቀምጥበት ትዕግሥት ስለሌለኝ ሁሉንም አብሬ ፈጭቼ፣ ያለ ዘይት፣ በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ውስጥ እያደረግሁ በፍሪዘር አጋግረዋለሁ። በረዶ ሲሆን አውጥቼ በፕላስቲክ ከረጢት አስሬ እመልሰዋለሁ፤ አንዷ ጉድጓድ ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ትይዛለች፣ ለአንድ ድስት ሽሮ ልክ ናት። መብራት ቢጠፋም የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ ከማቀዝቀዣው ረዘም ላለ ጊዜ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

የሀገር ቤት ቃሪያ እዚህ በማይገኝበት ጊዜ ሀላፔኞ የሚባለውን ቃሪያ እጠቀማለሁ፤ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ውሃው ይበዛል፣ ስለዚህ የሶዶው ወንድማችን ያሉት የጨው ዘዴ ለእኔም ጠቅሞኛል። ጤና አዳምን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ከቤት ካለች ይተው፣ ማሕፀንን የሚያነሣሣ ቅጠል ነው። ማባያው ያለ እርሱም ማባያ ነው።

የጓዳ ጀማሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ዕለት ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ከትፌ፣ ጨው ነስንሼ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ፈጨሁት፤ እውነትም ውሃ ሳልጨምር መፍጫው ዞረ። ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ በሎሚ፣ የቀረውን ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ጨምሬበት ፍሪዘር ውስጥ አደረግሁ። የእማማን አዋዜ ሰኞ ማታ ሠርቼ ምስሩን በሃያ ደቂቃ አደረስሁ፤ የመጀመሪያው በርበሬ ግን አረረብኝ፣ ድስቱን ከምድጃው ማውረዱን ረስቼ ነበርና። የተፈረከሰው ድንች ሳምንቱን ሦስት ጊዜ ተበላ።

የበረዶ መሥሪያውን ለብቻ መያዝ እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አልነገረኝም። ባለቤቴ ቅዳሜ ለእንግዶች ለስላሳ ሲቀዳ፣ ባዶ መስሎት ውሃ ሞልቶ ካጋገረበት ከዚያው ዕቃ በረዶ አውጥቶ በየብርጭቆው ጣለው። እንግዶቹ በጨዋነት ጠጡ። አንደኛው ብቻ ጥቂት ቆይቶ፣ «ይህ ኮካ ዝንጅብል አለው እንዴ?» አለ።